የሰርጉ ዳስና የእንጆሪው ዛፍ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ጥር ገብቶ አገሩ ሁሉ ዳስ ሲጥል ባየሁ ቁጥር ይቺ ነገር ታንገበግበኛለች።

አንድ ባላባት ነበረ፤ ግራዝማች ወንድይራድ ይሉታል። እኔ አንቱ ልለው ምላሴ እምቢ ይለኛል። በደጁ ነጭ እንጆሪ የሚባል ትልቅ ዛፍ ቆሟል። ፍሬው ማር ማር ይላል፤ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ይለቅመዋል። ፍየል የወለደችለትም ቅጠሉን ይሸመጥጥላታል። ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ በዚያ ቅጠል የሐር ትል ታረባለች፤ እንጀራዋ እሱ ነው። ትሉ ይበላ ይበላና ሲጠግብ ክር እያወጣ በራሱ ላይ ይጠመጥማል። ያ ክር ነው ሐር። ሌላ ቅጠል ብትሰጡት ዞር ብሎም አያይ፤ ኩሩ ነው!

ግራዝማች ልጁን የሺመቤትን ሊድር ሆነ። ለሙሽራዋ ካባ ሐር ያዘዘው ማንን መሰላችሁ? ትርንጎን! ትሎቹ ክር ሊያወጡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ያን ጊዜ ደግሞ አበላላቸው የጅብ ነው፣ ሰውዬው ዛፉን ሊያስቆርጥ መጥረቢያ አስይዞ ወጣ። ለዳሱ እንጨት ጫካ ድረስ መላክ ሰልችቶት እኮ ነው።

ትርንጎ እየሮጠች ደረሰች። «ጌታዬ፣ ይተዉት! የልጅዎ ካባ ከዚህ ቅጠል ነው የሚወጣው።»

«ካባ ከቅጠል? አንቺ ሴትዮ፣ ሔዋን ነሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አጃቢዎቹም ሳቁ፤ መቼም ጌታ ከሳቀ ማን ዝም ይላል!

«ትሎቼ በረሃብ ያልቃሉ፣ ግራዝማች።»

«ታዲያ ለትል ብዬ እንግዳዬን ፀሐይ ላይ ላስጣው?»

አስቆረጠው፤ ቅርንጫፉንም ከነቅጠሉ ዳሱ ላይ አስጫነው። አያናድድም? ትሎቹ አንገታቸውን እያነሱ ቅጠል ሲፈልጉ ሲፈልጉ አለቁ።

ሰርጉ ሲደርስ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። «ሐሬ የታለ?»

«ዳስዎ ላይ ነዋ» አለችው። «ወጥተው ቀና ብለው ይዩት፤ ለእንግዳዎ ጥላ ሆኗል።»

ልጆቼ፣ ዕድሜ ልክ የሚያለብሳችሁን ለአንድ ቀን ጥላ አትቁረጡ። ያልገባችሁንም ጠይቁ እንጂ አትሳቁበት። እስቲ በየደጃችሁ ተመልከቱ፤ ሳታውቁት የምትቆርጡት የማንን እንጀራ ነው?

የሺመቤት በውሰት ካባ ተዳረች። ዳሱ ሰርጉ ሲያበቃ ፈርሶ ማገዶ ሆነ። ትርንጎ ዛፉ የተቆረጠ ዕለት አንስታ እርጥብ አፈር ውስጥ ያቆየችውን ጥቂት ቅርንጫፍ ይዛ እህቷ አገር ወረደች፤ እዚያ ተክላው ጸደቀላት፣ የትል ዕንቁላልም ፈልጋ ዳግም አረባች። ግራዝማች እስኪሞት ድረስ «ያቺ ሴት ሰርጌን አበላሸችብኝ» ሲል ኖረ።