ሳጥኑ ሳይከፈት ረሒማ አትሰማ

ተረት ነው ብላችሁ ስሙ፣ እውነት ነው ብላችሁ ያዙ።

ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከባድ መኪኖች ለምሳ በሚቆሙባት አንዲት ትንሽ ከተማ፣ መዲና የምትባል ፉል ቤት ያላት ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅም አልወለደች። የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነበር፦ አንዲት መስመር መጻፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐሩሩ ወራት ግመል ጠባቂዎች አንድ ወጣት በረሃ ላይ ወድቆ አግኝተው ፉል ቤቷ አመጡት። ባሕር ሊሻገሩ ከወጡት አንዱ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ምላሱ አብጦ ነበር። መዲና ጨርቅ በውሃ እያራሰች አፉ ላይ ጠብ ጠብ አደረገችለት፤ አቧራውን ከፊቱ ጠረገችለት። ስሙን ብትጠይቀው “እህቴ” አለ እንጂ ሌላ አልወጣውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነፍሱ ወጣች። የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ እንድሪስ አጥበው ገነዙት፣ ከከተማዋ ዳር ተቀበረ። የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ክረምቱ ገብቶ ከወጣ በኋላ አንድ ሾፌር ምሳውን እየበላ ስልኩን አሳያት።

“እይው እስቲ እትዬ፤ በዚህ መንገድ የጠፋ ነው ይላል።”

ረሒማ የምትባል የሐርቡ ሴት የምትጽፈው ብሎግ ነው። ወንድሟ አንዋር በፎቶው ላይ ይስቃል፤ ግራ ቅንድቡን ጠባሳ ለሁለት ከፍሎታል። ያንን ጠባሳ መዲና በእጇ ጠርጋዋለች። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ “ሞቶም ከሆነ ንገሩን፤ እናቴ ማልቀስም ተስፋ ማድረግም አቅቷታል። ስልክ ቁጥሬን ያጠፋሁት ‘ወንድምሽ እኛ ጋ ነው’ እያሉ የሚያታልሉኝ ስለበዙ ነው። የምታውቁ እዚሁ ታች ጻፉልኝ።”

“ጻፍልኝ፣ እኔ አውቀዋለሁ፤ እዚህ ነው የሞተው” አለችው ሾፌሩን።

“ሬሳ ባለበት ነገር ስሜን አላስገባም እትዬ” አለና እጁን ታጥቦ ወጣ።

መዲና በጎረቤቷ ሆቴል ዋይፋይ የራሷን ስልክ ከፈተች። ፊደል በፊደል እየለቀመች “ወንድምሽ እኛ አገር አርፏል” ብላ ጻፈችና ላከች። ከብሎጉ ግርጌ ያለው የአስተያየት መጻፊያ ሳጥን እምቢ አለ። አካውንት የሌለው አይጽፍም፤ አካውንቱም በስልክ የሚመጣ ኮድ ይፈልጋል። የጻፈችው ከፊቷ ጠፋ። እንግዲህ ኮዱ ሳይመጣ ሳጥኑ አይከፈት፤ ሳጥኑ ሳይከፈት ረሒማ አትሰማ።

ሲሟ ደግሞ በሟች ባሏ ስም የወጣ ነው፤ ከተዘጋ ቆይቷል። ወደ ስልክ መሸጫው ሄደች። “በሞተ ሰው ስም አላነቃም፤ በራስሽ ስም እንዲሆን መታወቂያ አምጪ” አላት ሻጩ። መታወቂያዋ ጊዜው አልፎበታል። መታወቂያው ሳይታደስ ሲሙ አይነቃ፤ ሲሙ ሳይነቃ ኮዱ አይመጣ፤ ኮዱ ሳይመጣ ሳጥኑ አይከፈት፤ ሳጥኑ ሳይከፈት ረሒማ አትሰማ።

ወደ ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊዋ ካርዱን ገልብጣ አየችና መለሰችላት። “የሰፈርሽ ሽማግሌ ነዋሪያችን ናት ብለው ይመስክሩልሽ። ያለዚያ አላድስም።” ሽማግሌው ሳይመሰክር መታወቂያው አይታደስ፤ መታወቂያው ሳይታደስ ሲሙ አይነቃ፤ ሲሙ ሳይነቃ ኮዱ አይመጣ፤ ኮዱ ሳይመጣ ሳጥኑ አይከፈት፤ ሳጥኑ ሳይከፈት ረሒማ አትሰማ።

ይሄስ ቀላል ነው ብላ ወደ ሐጂ እንድሪስ ሄደች። ሐጂ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰምተዋት ሲጨርሱ መሬት መሬቱን አዩ።

“መታወቂያው ለምን እንደተፈለገ አውቃለሁ” አሉ።

“አብረን ቀብረነው የለም እንዴ ሐጂ?”

“ቀብረነዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ተይው።”

“ለምን እተወዋለሁ? እናት አለችው።”

ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ልጁንና ጓደኞቹን እየመራ በረሃ ያስገባቸው ሸምሱ ነው። የእኔው ሸምሱ። አንቺ ስትጽፊ ማን ወሰደው ይባላል። እሱ ራሱ እናገራለሁ ካላለ፣ ልጄን በገዛ እጄ አሳልፌ አልሰጥም።”

መዲና አጠገባቸው ተቀመጠች። ሸምሱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ፉሏን እየበላ ነው ያደገው። ልጁ ሳይናገር ሽማግሌው አይመሰክር፤ ሽማግሌው ሳይመሰክር መታወቂያው አይታደስ፤ መታወቂያው ሳይታደስ ሲሙ አይነቃ፤ ሲሙ ሳይነቃ ኮዱ አይመጣ፤ ኮዱ ሳይመጣ ሳጥኑ አይከፈት፤ ሳጥኑ ሳይከፈት ረሒማ አትሰማ።

ተነስታ ወደ ጓሮ ዞረች። ሸምሱ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ከሐሩሩ ወራት ወዲህ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም፤ ታሟል ይሉ ነበር። ፎቶውን አሳየችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

“ስሙ አንዋር ነው” አለችው።

“አትንገሪኝ እትዬ። ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም።”

“እሱ የአንተን ያውቅ ነበር?”

“ያውቁኛል። ሲጠሩኝ እሰማ ነበር። ውሃው አለቀ። ውሃ ይዤ ልምጣ ብያቸው ሄድኩ።”

“ተመለስክ?”

“አልተመለስኩም።”

መዲና ልትመታው እጇ ተነስቶ ነበር። መልሳ ጭኗ ላይ አሳረፈችውና ረሒማ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አነበበችለት። እናት ማልቀስም ተስፋ ማድረግም አቅቷታል የሚለው ላይ ስትደርስ ሸምሱ ተነሳ፤ ግድግዳውን እየያዘ ወደ አባቱ ሄደ።

“አባ፣ መስክርላት።”

“ያስሩሃል።”

“ይሰሩኝ። አሁንስ የት ነው ያለሁት?”

ልጁ ቢናገር ሽማግሌው መሰከረ፤ ሽማግሌው ቢመሰክር መታወቂያው ታደሰ፤ መታወቂያው ቢታደስ ሲሙ ነቃ፤ ሲሙ ቢነቃ ኮዱ መጣ፤ ኮዱ ቢመጣ ሳጥኑ ተከፈተ፤ ሳጥኑ ቢከፈት ረሒማ ሰማች። በሐርቡ ድንኳን ተጣለ፤ እናት አለቀሰች።

ከለቅሶው በኋላ ረሒማ መዲና በጻፈችላት ቁጥር ደወለች። “ያጠበውንም ውሃ የሰጠውንም አላህ ይስጥልን። ግን እትዬ፣ ይሄን ያህል ለምን ቆየሽብን?”

መዲና ነገረቻት፦ ሳጥኑን፣ ኮዱን፣ ሲሙን፣ መታወቂያውን፣ ሽማግሌውን። የሸምሱን ስም ግን ዋጠችው፤ እሱ ራሱ ይበለው ብላ።

“እኔ ነኝ የቆለፍኩት” አለች ረሒማ። “ሰዳቢው በዝቶብኝ።”

በዚያው ቀን ቁልፉን አነሳችው። አካውንት የለ፣ ኮድ የለ፣ ስምም ግድ የለ፤ የሚያውቅ ሁሉ ይጻፍ አለች። ተሳዳቢዎቹ ወዲያው ተመለሱ። ‘ማን ሂድ አለው’ የሚል ጻፉ፤ ከዚያም የከፋ ጻፉ። ረሒማ እያነበበች እያለቀሰች አጠፋችው እንጂ ሳጥኑን አልዘጋችውም። ሌሎች እናቶችም መጡ፦ “የእኔስ? ቢጫ ሹራብ ለብሶ ነው የወጣው።” “የእኔ ልጅ ከአንዋር ጋር ነበር።”

ከእነዚያ መሀል ስም የሌለው አንድ ጽሑፍ ወጣ፦ “ቢጫ ሹራብ የለበሰው አለ። ሌሎቹም አሉ። ከጥቁሩ ተራራ ወዲህ፣ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ናቸው። ጥያቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ቦታውን አሳያለሁ።”

መዲና አንብባ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ድስቱን ከእሳት አወረደች፣ ፉል ቤቷን ዘጋች፣ አካፋ ያዘች። ስትወጣ ሐጂ እንድሪስ የመገነዣ ጨርቅ ታቅፈው መንገድ ላይ ቆመው ነበር፤ ግመል ጠባቂዎቹ ውሃ ጭነዋል፤ አንድ ፖሊስም አብሯቸው አለ። ሸምሱ ማንንም ሳያይ ከፊት ቀደመና ወደ ወንዙ መራቸው።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ለእኔ አትመልሱት፣ ደጅ ደጁን ለሚያይ ሰው አድርሱት።