ሁለተኛው ጉርሻ

አንድ የገበያ ከተማ ውስጥ እናትና አባታቸው ያለፉባቸው ሁለት እህትማማቾች ይኖሩ ነበር። ታላቂቱ የሺወርቅ ትባላለች፤ በርበሬና ቅመም ቸርቻሪ ናት። እግዜር ልጅ አልሰጣትም፤ ባሏም በዚሁ ሰበብ ጥሏት ሄዷል። ታናሺቱ ዘቢደር ናት። እሷ ትምህርት የሚሆንላት ልጅ ነበረች። ባሏን በመኪና አደጋ ያጣችው ገና ሆዷ ሳይገፋ ነው፤ እናም ልጇ ወለላ አባቷን ሳታይ ተወለደች።

ወለላ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ዘቢደር ባሕር ማዶ የነፃ ትምህርት ዕድል አገኘች። ልሂድ ወይስ ልቅር እያለች ስታምጥ ሰነበተች። ቢጨንቃት እህቷን አማከረቻት። የሺወርቅም ሂጂ፣ ለልጅቷ እኔ አለሁላት፣ ተምረሽ ብትመጪ ለእሷም ይበጃታል አለቻት። ዘቢደር ጡት አስጥላ፣ ልጇን ለእህቷ ሰጥታ ሄደች።

የሄደችበት አገር ብርዱ ነው እንጂ ሌላው መልካም ነበር። ሰው ሰዓት ያከብራል። ሴት ልጅ ሲመሽ ብቻዋን ስትሄድ የሚያስቸግራት የለም። ጠጉሩ የሸበተ አስተማሪ የጠጣበትን ኩባያ ራሱ ያጥባል። ዘቢደር ይህን እያየች ምነው አገሬም እንዲህ በሆነች ትል ነበር። የከበዳት አበላሉ ነው። ሁሉም የየራሱን ሳህን ይዞ ይበላል። የመጀመሪያው ሰሞን አጠገቧ የተቀመጠችውን ተማሪ እንብላ ብላ ሳህኗን ገፋ ብታደርግላት፣ ልጅቷ ደንግጣ ጠግቤያለሁ አለችና ወንበሯን አራቀች። ዘቢደር መሬት ብትውጣት በወደደች። ከዚያ ወዲህ እንደ አገሩ ሆነች። ሰው ሳትጠራ መብላት ለመደች። ውሎ ሲያድር እንዲያውም ደስ አላት፤ ጠግቤያለሁ ስትል በሞቴ ብሎ የሚያስጨንቃት የለማ።

ታዲያ እሁድ እሁድ በስልክ ከልጇ ጋር ትተያይ ነበር። ወለላ ስልኩ ፊት ትቀመጥና እማዬ ደህና ነሽ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ትላለች። እንዲህ በይ ተብላ እንደተማረችው ነው የምትለው። ይህን ስትል የምትቀመጠው የሺወርቅ ጭን ላይ ነው። እያወራች የአክስቷን የጆሮ ጫፍ ታሻለች። ዘቢደር የልጇን አፍ ማየቱን ትታ ያችን ትንሽ እጅ ታያለች። ያ ጆሮ የእኔ መሆን ነበረበት ትላለች በሆዷ።

አንድ ቀን ወለላ ስልኩ ፊት ስትሮጥ ወደቀችና ጉልበቷ ተላጠ። እናቷ ከዚያ ማዶ ወለላዬ፣ ወለላዬ እያለች ጮኸች። ልጅቷ ዞርም አላለች። እቴቴ ብላ አክስቷ ላይ ተጠመጠመች። ጉልበቷ ሲታበስ፣ እፍ ሲባልላት፣ እንባዋ ሲደርቅ፣ ዘቢደር ሁሉንም ቁጭ ብላ አየች። ልጇ በመዳኗ ደስ ሊላት ሲገባ አልሆነም። አንድ ነገር ደረቷ ውስጥ እንደ ሚጥሚጣ ለበለባት።

ቅናት እንዲህ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ወዲያ ዘቢደር እህቷን እንዴት ነሽ ማለቱን ተወችው። ስትደውል ትእዛዝ ብቻ ሆነ። ስኳር አትስጫት፣ ጠጉሯን አጥብቀሽ አትሥሪያት፣ ገበያ ይዘሻት አትውጪ፣ አቧራ ነው። የሺወርቅ ሁሉንም እሺ እታለም ትላለች። ይህ እሺታዋ ራሱ ዘቢደርን አናደዳት። ልጄን ከወሰደች ወዲያ እሺ ማለቱ ምን ያቅታታል አለች። በመጨረሻ ከልጇ ጋር የምትኖርበት ክፍል ለምና አገኘች፣ ለልጇ የመግቢያ ፈቃድ አወጣች፣ የልጅቷንም የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠች። ለእህቷ ግን ለክረምት እመጣለሁ ብቻ ነው ያለቻት። ስለ ወለላ መሄድ ትንፍሽ አላለችም።

የመጣች ዕለት የሺወርቅ ልጅቷን አለባብሳ በር ላይ ጠበቀቻት። ይኸው እማዬ መጣች፣ ሂጂ ሳሚያት አለቻት። ወለላ ሴትዮዋን አየች፣ ዞራ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠውን ስልክ አየች፣ ከዚያ የአክስቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። በስንት ማባበል ወጥታ ጉንጯን ሰጠች። ዘቢደር ሲረግጧት የምታበራ ጫማ አምጥታላት ነበር። ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ጨዋ ልጅ ናት። ዘቢደር ግን ምነው ቀምታኝ በሮጠች አለች። እናቱን እግዜር ይስጥልኝ የሚል ልጅ የት አለ?

ምሳ ቀረበ። ጎረቤታቸው እማማ ጥሩዬም እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉ ገብተው አብረው ቀረቡ። ዘቢደር ስንት ጊዜ የተመኘችውን ጉርሻ ጠቅልላ ለልጇ አጎረሰች። ወለላ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። የእናቷ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ዘቢደር በለመደችው ፊቷን ወደ ማዕዱ መልሳ የራሷን መብላት ጀመረች። ልጅቷ ትንሽ ጠበቀች። አየች፣ አየችና ብድግ አለች። ማዕዱን ዞራ የሺወርቅ ጉልበት ላይ ተደገፈችና አፏን ከፈተች። የሺወርቅ አንድ ጊዜ እህቷን፣ አንድ ጊዜ ልጅቷን አየች። ከዚያ ዓይኗን ሰብራ አጎረሰቻት።

እማማ ጥሩዬ ሳቃቸው መጣ። "ይቺ እጅ ታውቃለች" አሉ። "የፈረንጅ አገር እጅ ጨው ያንሰው ይሆን እንዴ ዘቢደር?"

ዘቢደር በጥርሷ ሳቀች።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ቁርሱ ላይም፣ እራቱ ላይም። ልጅቷ ከእናቷ አንድ ትጎርስና ተነሥታ ወደ አክስቷ ትሄዳለች። ለዘቢደር ልጅቷ የእሷን ጉርሻ በአክስቷ ጉርሻ የምታጥበው መሰላት። ተማሪ ሆና ስንቱን ከባድ መጽሐፍ የፈታች ሴት ይህን መፍታት አቃታት። የሺወርቅ ስትስቅ አሾፈችብኝ፣ ዝም ስትል ደበቀችኝ፣ ልጅቷን ስትጠራ ልታሳየኝ ነው አለች። ቅናት ዓይን ያበዛል፤ የሚያይ ግን የለውም።

በመጨረሻ እህቷን ጓዳ ጠራቻት። "ትኬቷ በእጄ ነው" አለቻት። "ነገ ወለላን ይዣት እሄዳለሁ። ጠብቂልኝ ብዬ ሰጠሁሽ እንጂ ውሰጃት አላልኩሽም።"

የሺወርቅም "ልጅሽ ናት" አለች። ቀጥላም ልጅቷ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንደምትፈራ፣ ያን ጊዜ ጠበቅ አድርጋ እንድታቅፋት ነገረቻት። ከዚያ ወጥታ የልጅቷን ልብሶች እያጠበች ታሰጣ ጀመር። ዘቢደር በመስኮት አየቻት። ትጣላኛለች፣ ታለቅሳለች ብላ ነበር። ባለማልቀሷም ቀናችባት።

በነጋታው ምሳ ሲደርስ ዘቢደር እህቷን አንቺ ወደ ገበያሽ ሂጂ፣ ዛሬ ብቻዬን ነው የማበላት አለቻት። የሺወርቅ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። እናትና ልጅ ብቻቸውን ማዕድ ቀረቡ። ዘቢደር አሳምራ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ወለላ ዋጠች። ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ በሩ ድረስ ሄዳ ወደ ውጪ ታይ ጀመር።

"ምነው፣ እጄ ይመርራል?" አለቻት እናቷ።

ልጅቷ አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። "ያንቺን በላሁ" አለች። "የእማዬን ማን ያጎርሰኛል?"

ዘቢደር መጀመሪያ አልገባትም። እማዬ ማን ናት አለቻት። ወለላ በጣቷ መደርደሪያው ላይ ያለውን ስልክ አሳየቻት። እማዬ እዚያ ናት፣ ትማራለች፣ ስትጨርስ ትመጣለች አለች። እቴቴ አንድ የራሷን ታጎርሰኛለች፣ አንድ ደግሞ የእማዬን ታጎርሰኛለች አለች። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ለማያውቅ እንግዳ እንደሚያስረዳ ሰው አድርጋ ነው የተናገረችው።

ዘቢደር እጇ ማዕዱ ላይ እንዳለ ቀረ። አንድ ጉርሻ ያጣላል እየተባለች ነው ያደገችው። የራሷ እናት አንድ ብቻ አጉርሳት አታውቅም፤ ሁለተኛው ካልገባ እጇን አትሰበስብም ነበር። እሷ ግን ባሕር ማዶ ስትኖር ረስታው፣ ለልጇ አንድ አጉርሳ ወደ ራሷ መብል ተመልሳለች። ልጅቷ በየማዕዱ አክስቷ ዘንድ የምትሄደው አክስቷን ፈልጋ አልነበረም። የእናቷን ድርሻ ልትቀበል ነበር። ዘቢደር ይህን ሁሉ ቀን የቀናችው በራሷ ላይ ነው።

ልጅቷን አቅፋ ገበያ ወረደች። የሺወርቅ ከቅመም ከረጢቶቿ መሐል ተቀምጣ፣ ገዢ ሳይኖር ኮረሪማ ስትለቅም አገኘቻት። ዘቢደር ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትስም ስትል እህቷ ብብቷን ይዛ ቀና አደረገቻት። ሰው ያያል፣ ተይ አለቻት። ዘቢደር ለምን አልነገርሽኝም አለች። በልጄ አፍ እስክሰማው ለምን ዝም አልሽ?

"እንደምን ብዬ ልንገርሽ" አለች የሺወርቅ። "እኔስ ንጹሕ መሰልኩሽ? አንቺ በደወልሽ ቁጥር ይቺ ልጅ የሰው መሆኗ ትዝ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲያው ሰይጣን ያዘኝና ያንቺን አስቀረሁባት። የራሴን ብቻ አጉርሻት ዝም አልኩ። አፏን ከፍታ ጠበቀችኝ። አላለቀሰችም፣ ጠበቀችኝ ብቻ። ያንቺንም ጠቅልዬ አጎረስኳት። ከዚያ ወዲህ የእኔን ትንሽ፣ ያንቺን ትልቅ አደርገዋለሁ።"

እህትማማቾቹ እዚያው አቧራው ውስጥ ተያይዘው አለቀሱ። ያየ ሁሉ በርበሬው ነው አለ።

ዘቢደር ልጇን ያን ቀን ይዛት አልሄደችም። ክረምቱን ሙሉ ተቀመጠች። ትኬቱ ተቃጠለ፣ ይቃጠል አለች። በየማዕዱ አንዱን የሺወርቅ ታጎርሳለች፣ ሌላውን ዘቢደር ራሷ። ወለላ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ አንድ ጊዜ ዘቢደርን፣ አንድ ጊዜ ስልኩን እያየች ሰነበተች። ቀስ በቀስ ስልኩን ማየት ተወች። አንድ ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሮጣ የተወሸቀችው ዘቢደር ብብት ውስጥ ነው። የሺወርቅ አይታ ፊቷን ወደ ጓዳ መለሰች። ያን ቀን መቅናት የእሷ ተራ ነበር። ዘቢደርም አወቀችላት፤ ስለዚህ ደስታዋን ዋጥ አደረገችው።

መስከረም ሲጠባ ትምህርቱ ሊከፈት ሆነ። የቀረው አንድ ዓመት ነው። ዘቢደር ወለላ እዚያ ብርድ ውስጥ በሩ ተዘግቶባት ከምትውል፣ ጨርሼ እስክመጣ ከእቴቴ ጋር ትሁን አለች። ይህን ያለችው አሁን በቅናት አይደለም፤ ስለዚህም ነው የከበዳት። መናኸሪያው ድረስ ሸኟት። አውቶቡሱ ሲነሣ ወለላ እማዬ ብላ ጮኸች። ወደ ስልክ አልነበረም፤ ወደ መስኮቱ ነው። የሺወርቅ አቅፋት ቆማለች። ልጅቷ የአክስቷ ትከሻ ላይ እንባዋን እያፈሰሰች እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች። ዘቢደር ይህን አየች። እህቷ ልጇን እንዳቀፈች እያየች ያልቀናችው ያን ዕለት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ትምህርቱ ይህ ነው። ሩቅ የሄደ ሰው ቦታው ላይ የተቀመጠ ሰው ሲያይ ቦታዬን ወሰደብኝ ይላል። ግን ቦታ የሚወስድ አለ፣ ቦታ የሚጠብቅም አለ። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ቅናት ደግሞ ሁልጊዜ ከሩቅ ነው የሚያየው። ቀርቦ መጠየቅ የሚያሳፍረው እሱን ነው። ደግሞም የሚጠብቅልን ሰው ልቡ እንደ እኛው ሥጋ ነው። እሱም ይቀናል፣ እሱም ይፈተናል፤ ቢሆንም ድርሻችንን አላስቀረብንም። ትምህርትም ሆነ እንጀራ ፍለጋ ስንሄድ ብዙ ነገር እናገኛለን፣ ያገኘነውም መልካም ነው። የምንጥለውን ግን አናውቀውም፤ ልጆቻችን አፋቸውን ከፍተው ሲጠብቁን ነው የምናውቀው።

እናንተስ፣ በሌላችሁበት የእናንተን ድርሻ የሚያጎርስላችሁ ማን ነው? ዛሬ ደውላችሁ አመስግኑት። ወይስ እስከ ዛሬ ስትቀኑበት ነው የኖራችሁት?