አላጎነብስ ያለችው ፒክአፕ

ይህን ለማንበብ የምታጠፉት ጊዜ ከንቱ አይቀርም፤ ቃሌን እሰጣችኋለሁ። ነገሩ ስለ አንዲት አሮጌ ፒክአፕና ስለ ፍሬኗ ነው። መኪና የሌላችሁ ሰዎች «ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ብላችሁ እንዳትዘሉት። ታሪኩ መጀመሪያ የተነገረው መሪ ጨብጣ ለማታውቅ ሴት ነው፤ ከሁላችንም በላይ የገባትም እሷው ናት።

ሴትየዋ ትብለጥ ትባላለች፤ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናት። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ሐኪም ጡቷ ውስጥ እብጠት አግኝቶ «ቶሎ ይውጣ» ብሎ ቀጠሮ ሰጣት። ለባሏ አልነገረችም። ለእህቷም አልነገረችም። ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ይበልጥ ቀና አለች፤ ሳቋም በዛ፤ ስፌቱንም ከድሮው አብልጣ ትቀበል ጀመር። ደህና ስለመሰለች ባሏ የማኅበሩን ድግስ ለዚያው ሳምንት ተቀብሎ መጣ። እህቷ ደግሞ «ለጥቂት ቀን ያዢልኝ» ብላ ልጆቿን አመጣችላት። ትብለጥ ቀጠሮውን ለማሳለፍ ልቧ አዘነበለ። ቁርጡን ከመወሰኗ በፊት ግን ጋሽ ድንበሩ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ድንበሩ ዕድሜያቸውን በሹፌርነት የጨረሱ፣ አሁን የእድራችን ዳኛ የሆኑ ሰው ናቸው።

ነገሯን ሁሉ አጫወተቻቸውና «ጋሼ፣» አለቻቸው፣ «ሰው ሸክሙን ለብቻው ችሎ፣ ቤተሰቡን ሳያስጨንቅ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ጥንካሬ አይደለም ወይ?»

ጋሽ ድንበሩ ነው ወይም አይደለም አላሏትም። እንዲህ ብለው ጀመሩ፦

አንድ ሰው ነበረ። አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ቤቱ ደጋ ነው፤ ገበያው ቆላ። በገበያ ቀን ድንች፣ ገብስና ነጋዴ ጭኖ ቁልቁል ይወርዳል። መንገዱ ረጅም ነው፣ ጠመዝማዛ ነው። በአንድ ወገኑ የተቆረጠ ተራራ አለ፤ በሌላው ወገን ምንም የለም።

መኪናዋ ጭነት ሲበዛባት ኋላዋ ዝቅ ይላል። የአሮጌ መኪና ወግ ነው። የገበያው ሹፌሮች ግን አላስቀምጥ አሉት። አንዱ «ወንድሜ፣ መኪናህ ልትወልድ ነው መሰለኝ፤ አዋላጅ ልጥራልህ?» ይለዋል። ሌላው «ተዋት፣ እየሰገደች ነው፤ ጸሎቷን ትጨርስ» ይላል። ሰውየው አብሯቸው ይስቃል፤ ሆዱ ግን ይቆስላል። ነጋዴዎቹም ዝቅ ማለቷን እያዩ እቃቸውን ቀና ወዳለች መኪና ይወስዳሉ።

አንድ ቀን ሄደና ባሌስትራ አስጨመረ። ባሌስትራ ከኋላ ጎማዎች ጋር ተደራርቦ የሚታሰር፣ ጭነቱን የሚሸከም ብረት ነው። ብረቱ ሲደረብ መኪናዋ ጠነከረች። ከዚያ ወዲያ የፈለገውን ቢጭንባት ጀርባዋ ንቅንቅ አይልም። ተረበኞቹ ዝም አሉ። ነጋዴዎቹም «ይቺ ምን ይሰማታል?» እያሉ ጆንያ በጆንያ ላይ ደረቡባት።

ፍርሃቱ የጀመረው ያኔ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዝ አፍንጫዋ ይደፋል፤ ኋላዋ ግን መያዙን ያልሰማ ይመስል ወደፊት ይገፋታል። ከፊት ጎማዎቹ በኩል የተቃጠለ ነገር ይሸታል። መርገጫው ከእግሩ ሥር ይላላል፤ ደጋግሞ ካልረገጠ አትይዝም።

ጋራዥ ወሰዳት። «ፍሬኗ ደክሟል» አለ፤ ሌላ ነገር አልተናገረም። መካኒኩ የፍሬን ሸራዎቹን ለወጠለት። ሰውየው ቁልቁለቱን ወረደ፤ ያው ነው። ተመለሰ፤ የፍሬን ዘይቷ ተቀየረ፤ አሁንም ያው ነው። በመጨረሻ የፊቱ ፍሬን ጠቅላላ ተነቅሎ፣ ከአዲስ መኪና የወጣ ትልልቅ ዲስክ ተገጠመላት። መካኒኩ ራሱ መሪ ይዞ ጋራዡ ፊት ያለው ሜዳ መንገድ ላይ አበረራት። ረገጠው። መኪናዋ እንደ ተቸነከረች ቀጥ አለች።

«ከዚህ በላይ ፍሬን የት አለ?» አለው ሲወርድ። «የቀረው ፍርሃት እንግዲህ አንተ ላይ ነው። እሱን የሚፈታ ቁልፍ እኔ ጋ የለም።»

ሰውየው ሳቀ። መካኒኩ የሞከራት ባዶዋን ነበር። «እምቢ የምትለኝ ስትጫን ነው» አላለውም። ምን ያህል እንደሚጭንባት ማውራት አልፈለገማ። ደግሞም ያችን ቀጥ ያለች ጀርባ ወዷታል፤ ስሟ እንዲነሣበት አይፈልግም።

በቀጣዩ ገበያ ወረደ፤ ከድሮውም ባሰ። የፊቱ ፍሬን በርትቷል፤ ስለበረታ ሥራውን ሁሉ ብቻውን ይዞ ቶሎ ይግላል። ሲግል ደግሞ ይከዳል።

ከዚያ በኋላ ያ ሰው እንዴት እንደኖረ ልንገርሽ። ቁልቁለቱ ገና ሳይታይ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። በየመታጠፊያው፣ ፍሬኑ እምቢ ቢል መኪናዋን የት እንደሚያላትማት አስቀድሞ ይመርጣል። እዚህ ጋ ለስላሳ አፈር አለ። እዚህ ጋ ቦይ አለ። እዚህ ጋ ዛፍ አለ። አንድ መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ግን የሚመርጠው ያጣል፤ ትንፋሹን ይዞ ያልፈዋል። ከኋላው ነጋዴዎቹ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይተራረባሉ፤ ሳቃቸው ይሰማዋል። ቤቱ ገብቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንኳ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል።

ሚስቱ ቅቤ ነጋዴ ነበረች፤ ሁልጊዜ አብራው ነው የምትወርደው። አሁን በሰበብ ያስቀራት ጀመር። ዛሬ ሙቀቱ አይቻልም፤ ዛሬ ቦታ የለም፤ ዛሬ ቅቤ አይሸጥም። እሷም ሰው ናትና የራሷን አሰበች።

«ቆላ ሌላ አበጅተሃል?» አለችው።

«የምን ሌላ?»

«እኔ ምን አውቄ። በላብ ተነክረህ ትመለሳለህ። ምን ሆንክ ስልህ ምንም ትለኛለህ። ይህችን ምንም የምትባል ሴትዮ እኔም ልያት፤ ነገ እወርዳለሁ።»

ሊነግራት አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «እሺ ውረጂ» ብቻ ነው።

በማግስቱ ፒክአፗ እስክትሞላ ተጫነች። ሚስቱ ከፊት ገባች። አንዲት አራስ ደግሞ «ጤና ጣቢያ ላድርሰው» ብላ ልጇን ታቅፋ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠች። ነጋዴዎቹ ከኋላ ጆንያው ላይ ወጡ። ሜዳውን ጨርሰው፣ መንገዱ ወደ ታች ከሚሰበርበት አናት ላይ ሲደርሱ ሰውየው ነዳጅ መስጠቱን ተወ። አንዱ ልቡ «ትይዛለች፤ እስከዛሬ መቼ ሳትይዝ ቀረች?» ይለዋል። ሌላው ልቡ «ዛሬ ቢሆንስ?» ይለዋል። ሕፃኑ ነጠላው ውስጥ አስነጠሰ። ሚስቱ «ይማርህ» አለችው።

ሰውየው መኪናዋን አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ከጎማዎቹ ፊት ድንጋይ ጣለ።

«ምን ተፈጠረ?» አሉ ከላይ።

«ፈርቻለሁ» አለ። «ይቺ መኪና ጭነት ይዛ ስትወርድ አትቆምልኝም። ቆይቷል። ዛሬ አላወርዳችሁም።»

አንድ የድንች ነጋዴ «እና እስከዛሬ የምንቀልደው ሬሳ ሣጥን ላይ ተቀምጠን ነው?» አለ። ሌላው «ገበያው ሊያልፈን ነው፤ አማትብና ንዳ እባክህ» አለው። አራሷ ግን አንድም ነገር ሳትናገር ልጇን አቅፋ ወረደች። እሷ ስትወርድ ሌሎቹም እየተንጠባጠቡ ወረዱ።

ሚስቱ ፊቱን አየችው። የጠረጠረቻት ሴት እዚያ የለችም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ትንሽ አሰበና «ባሌስትራው ከተጨመረ ጀምሮ» አላት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ያኔ ገና ተሰማው።

መካኒኩን በስልክ ጠሩት፤ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጭነቷን እንደያዘች፣ ከሥሯ ገብቶ ተኛ። ብዙም አልቆየ። «ባለቤትየው፣ ና አንተም ተኛና እይ» አለው።

እዚህ ላይ ጋሽ ድንበሩን ላቋርጣቸው፤ ይህችን ነገር ሳላስረዳ ባልፍ ያንቀኛል። ብዙ አሮጌ ፒክአፖች ከሥራቸው አንዲት ቀጭን ዘንግ አለቻቸው። አንዱ ጫፏ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው አክስል ጋር ታስሯል፤ ሌላው ጫፏ የመኪናዋን አካል በተሸከመው ብረት፣ ማለትም ሻሲው ላይ፣ ካለች የፍሬን ዘይት መጥና የምታሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ጋር። ጭነት ሲመጣ ሻሲው ዝቅ ይላል፤ ዘንጓ ትገፋለች፤ ቫልቯም ጭነት እንዳለ አውቃ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ትለቅለታለች። መኪናዋ ባዶ ከሆነች ጀርባዋ ከፍ እንዳለ ነው፤ ያኔ ቫልቯ የኋላውን ግፊት ትቀንሳለች፤ ምክንያቱም ባዶ መኪና ኋላዋ በኃይል ከተያዘ ይንሸራተታል። ግሩም ሥራ አይደለም? ግን ልብ በሉ። ዘንጓ ክብደት አትመዝንም። የምታውቀው የመኪናዋን ማጎንበስ ብቻ ነው። በቃ፣ ወደ ጋሽ ድንበሩ።

ሰውየው ተኝቶ አየ። መኪናዋ ያን ሁሉ ጆንያ ተሸክማለች፤ ዘንጓ ግን ባዶ እንደቆመች መኪና ዘንግ ተንጠልጥላለች።

«አየህ?» አለው መካኒኩ። «ለፍሬኑ ባዶ ነኝ እያለችው ነው። የኋላ ፍሬንህ ጤነኛ ነው፤ ጭነት መኖሩን የነገረው የለም። እኔም ባዶዋን እያየሁ ዕቃ ስለዋውጥ ከረምኩ። ስትጫን ነው ብትለኝ ኖሮ መጀመሪያውኑ እዚህ እተኛ ነበር።»

ጭነቱን እዚያው አራገፉት። ነጋዴዎቹ እያጉረመረሙ በሌላ መኪና ወረዱ። ፒክአፗ ባዶዋን ጋራዥ ተመለሰች፤ የተደረበው ባሌስትራ ወጣላት፤ ዘንጓም በልኳ ተስተካከለች። በቀጣዩ ገበያ ለአቅሟ የሚሆነው ብቻ ተጫነባት። ኋላዋ ዝቅ አለ። አንዱ ሹፌር «ምጡ ደግሞ ጀመራት?» አለ። ሰውየው ሞተሩን አስነሣ። ቁልቁለቱ አናት ላይ ፍሬኑን ረገጠ፤ አራቱም ጎማ አብሮ ያዘ። ያ ሁሉ የተለፋበት አዲስ ፍሬን ጓደኛ አገኘ። ሸሚዙ ያን ቀንም ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ፍርሃት ሲገባ በአንዴ ነው፣ ሲወጣ ግን ቀስ እያለ።

ጋሽ ድንበሩ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። ከዚያ ወደ ትብለጥ ዞሩ።

«ልጄ፣ ጥንካሬ አይደለም ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጥንካሬ ነው። ባሌስትራውም ጥሩ ብረት ነበር፤ አልተሰበረም። ፒክአፗ አንቺ ነሽ። ፍሬኗ ባልሽ ነው፤ እህትሽ ናት፤ እኛ ጎረቤቶችሽ ነን። ባልሽ ድግስ የተቀበለው ክፉ ሆኖ ነው? እህትሽ ልጆቿን ያመጣችብሽ ጨክና ነው? ጀርባሽን አይተው ነው እንጂ። ቀጥ ብሎ አገኙት፤ ባዶ ናት አሉ፤ ደረቡብሽ። የሰው ልብ የሚያነብ የለም፤ እኛ የምናውቀው ስታጎነብሺ ነው። ልንይዝሽ የምንችል ሰዎች አጠገብሽ ተቀምጠን፣ አንቺ ብቻሽን ቁልቁል እየሄድሽ ነው።»

ትብለጥ «ቢደነግጥስ ጋሼ?» አለች። «ባሌን ያውቁታል፤ ደንጋጣ ነው። መልሼ እኔው ላጽናናው ነው።»

«ይደንግጣ። ሰውየው ፈርቻለሁ ሲል ነጋዴዎቹ አልደነገጡም? ደንግጠው እኮ ነው የወረዱት። ባይደነግጡ ማን ይወርድ ነበር?»

«ምን ብዬ ነው የምጀምረው?»

«ሰውየው ቁልቁለቱ አናት ላይ ያላትን ቃል በያት። ከእሷ የተሻለ ቃል እኔም አላውቅም።»

ተነሣች። ቤቷ በግራ በኩል ነው፤ እሷ ግን ባሏ ወደሚሠራበት ወፍጮ ቤት የሚወስደውን መንገድ ይዛ ሄደች። ወፍጮው ሲጮኽ ስለሚውል ፈርቻለሁ የምትለዋን ቃል እየጮኸች መድገም ነበረባት ይባላል፤ እህል ሊያስፈጭ የመጣው ሁሉ ሰማት። ባሏ በእርግጥ ደነገጠ። ዱቄት በዱቄት እንደሆነ ወፍጮውን አቁሞ አብሯት ወጣ። ድግሱ ወደ ሌላ ቤት ተላለፈ። እህቷ ልጆቿን ወሰደችና ራሷ ልታስታምም ተመልሳ መጣች። ትብለጥ በቀጠሮዋ ቀን ሆስፒታል ገባች፤ እብጠቱም ወጣ። የምርመራው ውጤት ገና አልመጣም። እየጠበቅን ነው፤ ደግሞም ብዙ ሆነን ነው የምንጠብቀው።

እናንተም ሂዱና ሞክሩት። አሮጌ ፒክአፕ ካላችሁና ባሌስትራ ካስጨመራችሁ፣ ሜዳ ላይ ጫኗት፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ጣሉ፣ ከጎኗ በርከክ ብላችሁ ያችን ዘንግ እዩዋት፤ ካላወቃችኋት የሚያውቅ ሰው ጠርታችሁ አሳዩ። ፒክአፕ የሌላችሁ ደግሞ ለሁሉም ሰው ንገሩ አላልኳችሁም። አንድ ሰው ምረጡ። ከጎኑ ተቀመጡና አንዷን ሸክማችሁን ከነክብደቷ ንገሩት። ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም፤ እሱም ቢደነግጥ አትመልሷት። ነገ አትበሉ፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ዛሬ ሞክሩት።