አልበራ ያለው የደረጃ መብራት

ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተ ብቻ መብራቱን አታጥፉብኝ። ጨለማው ተረቱ ውስጥ ያለው ይበቃናል።

ጋሽ አሰግድ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ውድነሽ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤታቸው አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ መኝታው ላይ፣ ማዕዱ ታች። መሃል ላይ ጠመዝማዛ ደረጃ፣ ለደረጃው አንድ አምፖል፣ ለአምፖሉ ሁለት ማብሪያ፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ከላይ አብርቶ መውረድ፣ ታች ሲደርሱ ማጥፋት፤ የሁለት ማብሪያ ጥቅሙ ይኸው ነው።

ማብሪያዎቹ አረጁና ጋሽ አሰግድ በገዛ እጃቸው ሊቀይሩ ተነሡ። «እኔ እያለሁ ሠራተኛ ምን ሊያደርግ ይመጣል?» አሉ። ቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር አወረዱ፣ አሮጌዎቹን ፈቱ። ከየማብሪያው ሦስት ሦስት ሽቦ ወጣ፤ ሁሉም ነጭ። እትዬ ውድነሽ ደግሞ አመል አለባቸው፤ የሚምታታ ነገር ካዩ ቀይ ክር ያስሩበታል። ፎጣቸው ቀይ ክር አለው፣ የጨው ጣሳው ቀይ ክር አለው። ላይም ታችም፣ ለብቻው በቆመው ብሎን ታስራ የነበረችውን ሽቦ ለይተው ቀይ ክር አሰሩባት።

«ዋናዋ ይቺ ናት። አዲሱም ላይ ለብቻው የቆመውን ብሎን ፈልግላት» አሉ።

ጋሽ አሰግድ ከት ብለው ሳቁ። «ሽቦ ነው ወይስ የጥጃ አንገት?» አሉና ክሩን በጥቁር ናስትሮ ጠቅልለው ደበቁት። ለብቻው የቆመው ብሎን በአሮጌው ማብሪያ መሃል ላይ ነበር፤ በአዲሱ ዳር ላይ ነው። እሳቸው ግን ሳያዩ የመሃሏን ሽቦ መሃል፣ የዳሯን ዳር አሰሩ፤ በቃ ጨረስኩ ብለው እጃቸውን አራገፉ።

መብራቱ በራ፤ ግን እንደፈለገው። አንዱን ማብሪያ ሲነኩት ሌላው ይሞታል። አንድ ምሽት እትዬ ውድነሽ ላይ ሆነው ቢጫኑ፣ ቢጫኑ አልበራ አላቸው። ራት እንዳይቀዘቅዝ ብለው በዳበሳ ሲወርዱ ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተጎዳ።

ከዚያ ወዲህ አልወረዱም። ዕድሜ ልካቸውን አንተ ያሏቸውን ባላቸውንም አንቱ ማለት ጀመሩ፤ ጋሽ አሰግድን ከስድብ ይልቅ ያቺ አክብሮት አቃጠለቻቸው።

«ላይ የማበራው፣ ታች የማጠፋው መብራት ካለኝ እወርዳለሁ» አሉ እትዬ ውድነሽ። «ከሌለኝ ነገ ልጃችን ሰናይት መጥታ ትወስደኛለች። ከአንቱ ደረጃ፣ ደረጃ የሌለው የልጄ ቤት ይሻለኛል።» ሻንጣቸውም ተዘጋጅቶ ነበር።

ሲመሻሽ ጋሽ አሰግድ አምፖሉ ሥር ቆሙ። «አምፖል፣ በናትህ ደረጃውን አሳያት።»

«አላሳይም» አለ አምፖል። «ማብሪያ መቼ ሰጠኝ?»

አምፖል አልበራ አለ፤ እትዬም አልወርድ አሉ።

ወደ ማብሪያ ሄዱ። «ማብሪያ፣ ለአምፖል ስጠው።» «አልሰጥም» አለ ማብሪያ። «ሽቦ መቼ ቦታው ገባልኝ?» ማብሪያ አልሰጥ አለ፤ አምፖል አልበራ አለ፤ እትዬም አልወርድ አሉ።

ብሬከሩን አወረዱ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሳቸው ነከሱ፣ በካቻቢቴ የታችኛውን ማብሪያ ከግድግዳው አወጡት። «ሽቦ፣ ቦታህ ግባ።» «ከሦስታችን ዋናው ማነው?» አለ ሽቦ። «ምልክቴን ናስትሮ ሸፍኖብኛል፤ አልገባም።» ሽቦ አልገባ አለ፤ ማብሪያ አልሰጥ አለ፤ አምፖል አልበራ አለ፤ እትዬም አልወርድ አሉ።

«ናስትሮ፣ ልቀቀው እንጂ!» «የጠቀለለኝ እጅ ይፍታኝ፤ በራሴ አልለቅም» አለ ናስትሮ። ይህም እውነቱን ነው። ናስትሮ አልለቅ አለ፤ ሽቦ አልገባ አለ፤ ማብሪያ አልሰጥ አለ፤ አምፖል አልበራ አለ፤ እትዬም አልወርድ አሉ።

ጋሽ አሰግድ እጃቸውን አዩት። ያ ስንት ዳገት መሪ ያዞረ እጅ ናስትሮው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ምክንያቱም ናስትሮው ከተፈታ ቀዩ ክር ይወጣል፤ ቀዩ ክር ከወጣ ውድነሽ ልክ ነበረች ማለት ነው፤ ውድነሽ ልክ ከነበረች ደግሞ የጣላት ደረጃው አይደለም። «ምላስ መጀመሪያ ያደረገውን ይናገር» አለ እጅ። «በስርቆሽ አልፈታም።» እጅ አልፈታ አለ፤ ናስትሮ አልለቅ አለ፤ ሽቦ አልገባ አለ፤ ማብሪያ አልሰጥ አለ፤ አምፖል አልበራ አለ፤ እትዬም አልወርድ አሉ።

«ምላስ፣ ተናገር።» ምላስም መለሰ፦ «ልብ ሳይደፍር እኔ ምን ብዬ?»

«ልብ፣ ምን ይሻላል?» ልብ ሁለቱን መንገድ መዘነ። ብናገር በእኔ ጥፋት መውደቋን አውቃ ትሄዳለች፤ ዝም ብል በጨለማው ምክንያት ትሄዳለች። ተስፋ ቆረጡ። ካቻቢቴውን ጥለው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። ነገ በዚህ ሰዓት ብቻዬን ነው የምበላው አሉ በሆዳቸው። ከነገ ወዲያም ብቻዬን። ልብ አልደፍር አለ፤ ምላስ አልናገር አለ፤ እጅ አልፈታ አለ፤ ናስትሮ አልለቅ አለ፤ ሽቦ አልገባ አለ፤ ማብሪያ አልሰጥ አለ፤ አምፖል አልበራ አለ፤ እትዬም አልወርድ አሉ። ቤቱ ጭልም እንዳለ ቀረ፤ ሽማግሌውም አለቀሱ።

ላይ ሻንጣ ሲጎተት ተሰማ፤ ቀጥሎ ድምፅ መጣ።

«አንቱ! ራት በሉ?»

እንግዲህ ይህን ምን ትሉታላችሁ? የተጎዳች ሴት፣ ነገ የምትሄድ ሴት፣ የጣላትን ሰው ራት በሉ ወይ ትላለች። የጋሽ አሰግድ ልብ ያኔ ተሰነጠቀ።

«ውዴ፣ እኔ ነኝ የጣልኩሽ!» ብለው ጮኹ። «ደረጃው አይደለም። ክርሽን ናስትሮ ጠቅልዬበት፣ ስቄብሽ፣ በግምት አሰርኩት። ይቅር በይኝ። ብትሄጂም ይቅር ብለሽኝ ሂጂ።»

ላይ ሻንጣው መጎተቱን አቆመ።

«ክሩስ?» አለ ድምፁ።

«እዚሁ ናስትሮው ሥር ነው።»

«ታዲያ ምን ተገትረህ ትጠብቃለህ? ፍታዋ እንጂ!»

«ተገትረህ» ነው ያሉት፤ «ተገትረው» አላሉም። ጋሽ አሰግድ ሰምተዋል።

ልብ ደፈረ፤ ምላስ ተናገረ፤ እጅ ፈታ፤ ናስትሮ ለቀቀ፤ ቀዩ ክር ብቅ አለ። ታች ያለችውን ዋና ሽቦ ዳር ከቆመው ብሎን አሰሩ፤ ላይ ወጥተውም እትዬ ውድነሽ ባትሪ ይዘውላቸው ያኛዋን አሰሩ። ወርደው ብሬከሩን አነሱ፤ ተመልሰው ወጥተውም የላዩን ማብሪያ ተጫኑ። ሽቦ ገባ፤ ማብሪያ ሰጠ፤ አምፖል ቦግ አለ።

እትዬ ውድነሽ በባላቸው ክንድ ተደግፈው፣ እያንዳንዱን ደረጃ እያዩ ወረዱ። ታች ሲደርሱ የታችኛውን ማብሪያ ተጫኑ፤ ጠፋ። እንደገና ተጫኑ፤ በራ። አላመኑምና ደገሙት።

«ሻንጣሽስ?» አሉ ጋሽ አሰግድ፣ እየፈሩ።

እትዬ ውድነሽ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ላይ ይቆይ። ነገ ሰናይት ትመጣ የለ፣ ወጥታ ልብሶቼን ቦታቸው ትመልስልኛለች። መብራት አላት።»