የፎርፌው ሻምፒዮን

አንድ ጊዜ፣ ሰላምታ ተለዋውጠው ሳይጨርሱ ከዳር እስከ ዳር ተሄዶ የምታልቅ አንዲት ትንሽ አገር ነበረች። ትንሽ ብትሆንም የቼዝ ሊግ ነበራት። ክለቦቹ ሦስት፣ የፌዴሬሽኑ አለቆች ግን አርባ ናቸው፤ እንግዲህ ቼዝ ብዙ ስብሰባ ይፈልጋል መሰለኝ።

የዋሻ ክለብ ኮከብ አያ ጅቦ ነበር። ያስፈረመችው እመት ቀበሮ ናት። መጫወት ይችላል? ኧረ ወዲያ! ፍየል መጥታ ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ አንዴ ያዛጋል፤ ፍየል ጥርሱን ታይና በመስኮት! ጥንቸልማ ስሙን ስትሰማ ከበር ተመለሰች። ዳኛው አንበሳም «ተጋጣሚ የለም፣ ፎርፌ!» ይላል። እንዲህ እያለ አያ ጅቦ አንድ ወታደር ሳይገፋ ሻምፒዮን ሆነ። ሬዲዮውም «ምጡቅ አእምሮ!» እያለ ሲያንቆለጳጵሰው ይውላል።

የመስክ ክለቧ አህያ ግን ጭንቅ ላይ ነበረች። የመጨረሻው ግጥሚያዋ ከእሱ ጋር ነው። ከተሸነፈች ክለቧ ከሊጉ ይወርዳል፤ ከሊጉ በታች ደግሞ ሌላ ሊግ ስለሌለ፣ መውረድ ማለት መፍረስ ነው።

ጠዋት ቀበሮ በር ላይ ጠበቀቻት።

«እትዬ አህያ፣ እንዴት አምሮብሻል! ጭንሽ ሞላ ብሏል። አያ ጅቦ ሲያይሽ እንዴት ደስ ይለው!»

«አዳራሽ ውስጥ እርስ በርስ መበላላት በደንቡ ክልክል ነው፣ እመት ቀበሮ።»

«ክልክል ነው እንጂ። እሱ ግን ደንቡ ሲነበብ ተኝቶ ነበር።»

አህያ ገብታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ጅቦ አዛጋ። ዓይኗን ጨፈነች፤ አልተነሳችም። ደግሞ አዛጋ። አሁንም አለች።

«ቀበሮ! አልሄደችም እኮ! አሁን ምን ይደረጋል?»

«ያገኘኸውን ብላ!» አለች ቀበሮ በሹክሹክታ።

«መምከር ክልክል ነው!» ብሎ አንበሳ ከአዳራሹ አስወጣት።

አህያ ፈራ ተባ እያለች አንድ ወታደር ወደ ፊት ገፋች። ጅቦ አነሳና ቀርጠፍ!

«አንተ! በቼዝ በላ ማለት ከሰሌዳው አነሳ ማለት ነው!» አለ አንበሳ።

«እሺ ጌታዬ፤ ይቺ ግን ወርዳለች።»

አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ አህያ አንድ ነገር አስተዋለች፦ ጅቦ የሚበላ ሲያገኝ እሷን ማየት ይተዋል። እንግዲያማ ታጎርሰው ጀመር! ግንቧን ሰጠችው፣ በላ። አንዱን ፈረሷን ሰጠችው፣ በላ። ንግሥቲቷን ስታቀርብለትማ ለሃጩ ሰሌዳውን አጠበው። የእሱ ንጉሥ በገዛ ወታደሮቹ ታፍኖ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ማን ያየዋል? አህያ በቀራት ፈረስ ዘላ ገባችና ቀስ ብላ «ንጉሥህ ሞተ» አለችው።

«ጌታዬ፣ ይፍረዱኝ!» ብሎ ጮኸ ጅቦ። «ስበላ የዋልኩት እኔ፣ ጦሟን የዋለችው እሷ! እንዴት ነው እኔ የምሸነፈው?»

«ንጉሥህ ሞቷል፣ አለቀ» አለ አንበሳ።

ጅቦ ከንፈሩን ላሰ። «እሺ ይሙት። ሥጋውስ የማነው?»

አህያ መልሱን አልጠበቀችም። ክለቧን ከመፍረስ አድናለች፤ ከአዳራሹ ውጭ ደግሞ ደንቡ አይሠራም። ሻምፒዮኑ ሥጋው እስኪቀርብ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ እሷ እግሬ አውጪኝ ብላ መስኳ ደረሰች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሰው እየሸሸለት ጀግና የተባለ ሁሉ ከወንበሩ የማይነሳ ተጋጣሚ የገጠመው ቀን ጨዋታውን አለማወቁ እንደሚታወቅበት ነው።