ከወዲያ ሰው ካልመጣ

የልየው አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «በጦርነት ዘመን ከእግርህ በፊት ጆሮህን ስደድ» ይሉ ነበር። አገሩ ሁሉ ምክራቸውን ሳይሰማ አልቀረም፤ ጆሮውን ሰዶ እግሩን አጥፎ ተቀምጧል።

የልየውን ሚስት የዝናን ያበደ ውሻ ነከሳት። መርፌው ያለው ከድልድዩ ማዶ፣ ሆስፒታል ነው። ልየው የፈለገው ይህችን ብቻ ነው፤ የዝናን ማስወጋት። ከመናኸሪያ አድርሶ ሚኒባስ ላይ አስቀመጣት።

«ንዳ እንጂ ዳምጤ!» አለው ሾፌሩን።

«ተራ አስከባሪው ካላወጣኝ አልነዳም። መንገድ ላይ ሰው ያግታሉ ይባላል።»

ልየው ወደ ተራ አስከባሪው ሮጠ። «ወንድሜ፣ ዳምጤ አልነዳም አለ፤ የዝና መርፌ አላገኘች፤ በማርያም አውጣው!»

«ኬላው ገመዱን ካላወረደ አላወጣም። ባለፈው አንዱን ባወጣው ሾፌሩ በባዶ እግሩ ተመለሰ።»

ልየው አማተበና ወደ ኬላው ሮጠ። «ጌታዬ፣ ተራ አስከባሪው አላወጣም አለ፤ ዳምጤ አልነዳም አለ፤ የዝና መርፌ አላገኘች፤ ገመዱን አውርዱልኝ!»

«የድልድዩ ዘበኛ ሳይፈቅድ?» ብሎ ሳቀበት ባለገመዱ። «አንገቴን ከየት ልተካው?»

ልየው ድልድዩ ድረስ ሮጠ። «የኔ ጌታ፣ ባለገመዱ አላወርድም አለ፤ ተራ አስከባሪው አላወጣም አለ፤ ዳምጤ አልነዳም አለ፤ የዝና መርፌ አላገኘች፤ ፍቀድልን!»

ዘበኛው ክላሹን አቀፈ። «ከወዲያ ሰው ካልመጣ አልፈቅድም። ፈንጂ ቢኖርበትስ? ይኸው ስድስት ቀን፣ አንድ ነፍስ አልመጣም።»

ልየው አጎንብሶ አየ። በድልድዩ አቧራ ላይ የፍየል ኮቴ ተሰልፏል፤ የዛሬ ጠዋት ኮቴ።

«ፍየል አልፏል እኮ!»

«ፍየል ቢሞት ማን ይጠይቀኛል? ባንተ ግን እጠየቃለሁ።»

«እንግዲያስ ዞር በልና አላየሁም በል» አለው ልየው። ዘበኛው ፊቱን አዞረ።

ልየው «አባታችን ሆይ» እያለ ኮቴ በኮቴ ረገጠ። ጸሎቱ ሁለቴ ጠፋበት። ማዶ ሲደርስ አፉን ከፍቶ ቀረ። አራት ሚኒባስ፣ ሰው ጢም ብሎባቸው ቆመዋል!

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ከወዲያ ሰው እስኪመጣ ነዋ!» አለ የፊተኛው ሾፌር። «ይኸው ስድስት ቀናችን።»

«በስመ አብ!» ልየው ራሱን ያዘ። «እኛም እናንተን!»

ከወዲያ ሰው ሲመጣ ያየው የማዶ ሾፌር ነዳ፤ የማዶን መኪና ያየው ዘበኛ ፈቀደ፤ ዘበኛው የፈቀደለት ባለገመድ ገመዱን አወረደ፤ ገመዱ የወረደለት ተራ አስከባሪ አወጣ፤ ተራው የደረሰው ዳምጤ ነዳ፤ የዝናም ቀትር ሳይሞላ መርፌዋን ተወጋች።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አንዲት የማያውቃት ሴትዮ ልየውን ትክ ብላ አየችው። ጠዋት እህቷን ልትሸኝ ከማዶዎቹ ጋር ቆማ ኖሯል። ጠጋ አለችና እንዲህ አለችው፦

«አንተን ብቻህን ብቅ ስትል ያየን ጊዜ፣ ጦር መጣ ብለን ልጆቻችንን አንስተን ልንሮጥ ነበር እኮ!»