መጋረጃው የተዘጋበት አልማዝ

ከመስጊዶቿ ይልቅ ሱቆቿ በሚበዙባት አንዲት ጥንታዊት ከተማ ሐጂ ሹዓይብ የሚባሉ አልማዝ ሻጭ ነበሩ። አንድ ቀን ሙዘሚል የተባለ የበቅሎ ነጋዴ ሱቃቸው ገባ። የጋብቻ ውሉ፣ ኒካሁ ደርሷል፤ ሙሽሪት መህሯ፣ ማለትም ሙሽራው የሚሰጣት ጥሎሽ፣ የአልማዝ ቀለበት እንዲሆን ጠይቃለች፤ እሱም ያለ የሌለውን ሸጦ መጥቷል። ቢታለል ሌላ የሚሸጠው የለውም። ያረጀች በቅሎ ጥርሷ ተሞርዶ ወጣት ናት ተብላ ስትሸጥ እያየ ያደገ ሰው ነውና፣ ሻጭ ፈገግ ባለ ቁጥር ኪሱን ይዳብስ ነበር።

ሐጂ ሁለት አልማዞች መስኮቱ ሥር አስቀመጡለት። ክብደታቸው እኩል ስለሆነ ዋጋቸውም እኩል ነው። አንደኛው ፊቱ ሰፊ ነው፤ ሌላው ጠበብ ብሎ ወደ ታች ይጠልቃል። በፀሐዩ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ። የሙዘሚል ዓይን ሰፊው ላይ ቀረ፤ የሙሽሪት ዘመዶች ከሩቅ እንዲያዩለት ፈልጓል። ሐጂ ግን ጠባቡን ቢወስድ እንደሚሻለው ነገሩት።

ይሄኔ ጥርጣሬው ተነሳ። ዋጋው እኩል ከሆነ ትልቁን ለምን ይከለክሉኛል? ለሌላ ሀብታም አስቀምጠውት ይሆን? ጠባቡ አንዳች ዐይብ፣ አንዳች እንከን ቢኖርበት ነው እንጂ፣ የገዢን ምርጫ የሚመልስ ነጋዴ ከየት መጣ? እንዲህ ሲያወጣ ሲያወርድ ሐጂ ተነስተው የመስኮቱን መጋረጃ ዘጉት። ሱቁ ደብዘዝ አለ። እጃቸው ወደ አልማዞቹ ሲዘረጋ ሙዘሚል አንጓቸውን ለቀም አደረገ።

«በጨለማ ሊለውጡብኝ ነው?» አለ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። እጃቸውን ሰብስበው፣ ራሱ አንስቶ መዳፉ ላይ እንዲያኖራቸው ነገሩት። ሙዘሚል እንደተባለው አደረገ። ሰፊው አልማዝ ድርግም ብሏል፤ በመሃሉ የመዳፉ መስመር አሻግሮ ይታያል። ጠባቡ ግን በዚያች ጭላንጭልም ብልጭ ይላል።

ሐጂ ምክንያቱን አስረዱት። የሰፊው አልማዝ ጠራቢ ድንጋዩን ትልቅ ለማስመሰል ሲል ሆዱን ስስ አድርጎታል፤ ስለዚህ የገባው ብርሃን ወደ ዓይን ሳይመለስ በጀርባው ሾልኮ ይወጣል።

«ልጄ፣ ሙሽራህ የምትኖረው እኔ መስኮት ሥር አይደለም» አሉት። «መህሩም የእሷ ሐቅ ነው እንጂ ለዘመዶቿ መታያ አይደለም።»

ሙዘሚል አፈረ። ቅድም በያዘው እጃቸው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በክፉ ስለጠረጠራቸው አውፍ ብለው ይቅር እንዲሉት ለመናቸው።

«መጠርጠርህን አልፈራሁም» አሉ ሐጂ ሹዓይብ። «የፈራሁት ሳታይ እንዳታምነኝ ነው።»

ወንድምን በክፉ መጠርጠር ዲናችን የሚከለክለው ነገር ነው፤ ሙዘሚል በዚህ ተሳስቷል። ሐጂ ግን ጥፋቱን በእሱ ላይ ጥለው አልተቀመጡም። እኛ ስንጠረጠር እንቆጣለን፣ ስንታመን ደስ ይለናል። ሊያስፈራን የሚገባው መታመናችን ነበር፤ ያመነን ሰው አይመረምረንምና፣ ያኔ የሚያየን አላህ ብቻ ነው።